ሕግ ለመማር ባሕር ዳር ወይስ ጎንደር?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ የምርጫ ፎርም መሙላት ሲጀመር ከሶሻል ተማሪዎች ተደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ «ሕግ ነው የምፈልገው፣ ባሕር ዳርን ላስቀድም ጎንደርን?» ጥያቄውን የሚያከብደው የሁለቱ መመሳሰል ነው። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው። ሁለቱም ከስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ተርታ ተመድበዋል። በአንድ ክልል ውስጥ፣ በመኪና 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራርቀው ይገኛሉ። የሚሰጡት ዲግሪ ያው ኤልኤልቢ (የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ) ነው፤ ፍሬሽማንን ጨምሮ አምስት ዓመት ይፈጃል፤ መጨረሻ ላይ የሚጠብቀው ፈተናም አንድ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ነው።

ስለዚህ «የቱ ይሻላል?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ወደ ከተማው ወሬ ይሄዳል፤ ጣናው፣ ዘንባባው፣ ፋሲል ግቢው፣ ጥምቀቱ። እዚህ የምንመዝነው የሕግ ትምህርቱን ነው፤ ፍርዳችንንም ከወዲሁ እናስቀምጠው። የኮርሱ ዝርዝር አንድ በመሆኑ፣ ባሕር ዳርን ወይም ጎንደርን ስትመርጡ በዋናነት የምትመርጡት ከግቢው ውጭ ያለውን ፍርድ ቤት ነው። ከይግባኝ፣ ከሰበር (መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት የተባለ የመጨረሻ ውሳኔ ከሚታይበት ችሎት) እና ከሕግ ማውጣት ሥራ አጠገብ መሆን የሚፈልግ ባሕር ዳርን ያስቀድም። ምስክር የሚሰማበትን፣ ማስረጃ የሚመዘንበትን የሥር ችሎት ሥራ ቀርቦ ማየት የሚፈልግ ጎንደር አይጎዳውም፤ እንዲያውም ሊመረጥ ይችላል። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ተማሪን የሚያስቸግረውም ዝርዝሩ ነው።

ፎርሙ ላይ የሚመረጠው ዩኒቨርሲቲ እንጂ ሕግ አይደለም

ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር ተማሪን ወደ ዩኒቨርሲቲ ይመድባል፤ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት የሚያስገባው ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው፣ ያውም የፍሬሽማን ውጤት ከታየ በኋላ። በየዓመቱ በሚወጣው መመሪያ መሠረት የ12ኛ ክፍል ውጤትና የፍሬሽማን አማካይ ውጤት በተወሰነ ክብደት ተደምረው ተማሪው በደረጃ ይሰለፋል፣ ከዚያ ቦታው እስኪሞላ ይወሰዳል። ሕግ በሶሻል በኩል ካሉት ክፍሎች እጅግ ተፈላጊ ከሆኑት አንዱ ስለሆነ ቆራጭ ነጥቡ ከፍ ይላል።

እንግዲህ ሁለቱን ስታወዳድሩ የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለፈው ዓመት ሕግ ስንት ተማሪ ተቀበለ፣ የመጨረሻው የገባው ተማሪ ነጥብስ ስንት ነበር?» የሚለው ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ጠይቁ። ቆራጭ ነጥብ ብቻውን አያስረዳም፤ ዝቅ ያለ ነጥብ ያለው ትምህርት ቤት በዚያ ዓመት ብዙ ቦታ ከፍቶ ሊሆን ይችላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያጠብበዋል። መልሱን ከሬጅስትራር ማግኘት ካልተቻለ ሁለተኛ ዓመት የደረሱ የሕግ ተማሪዎች ያውቁታል፤ የድልድሉ ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳና በቴሌግራም ሲለጠፍ ሁሉም አይቶታል።

ፍሬሽማን ላይ ነጥብ የሚያስጥሉት የማኅበራዊ ሳይንስ ሒሳብ፣ ሎጂክ እና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ናቸው። «ሕግ ስገባ አያስፈልጉኝም» ብሎ ችላ ማለት ሕግ የመግባት ዕድልን ራሱን ማጥፋት ነው። ከሦስቱ ሎጂክን በተለይ አክብሩት፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ የሚሰጡት የሕግ ኮርሶች የሚፈልጉት ክርክርን ወደ መነሻና መደምደሚያ የመፈልቀቅ ችሎታ እዚያ ነው የሚጀመረው። ዩኒቨርሲቲ ከተገባ በኋላ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዘዋወር ከጤናና ከመሳሰሉ ምክንያቶች ውጭ እምብዛም ስለማይፈቀድ «ጎንደር ገብቼ ሕግ ካልደረሰኝ ወደ ባሕር ዳር እዛወራለሁ» የሚል ዕቅድ ዕቅድ አይባልም።

ኮርሱ አንድ ነው፣ ማስተማሪያው ግን ሊለያይ ይችላል

ከ1990ዎቹ ማብቂያ የሕግ ትምህርት ማሻሻያ ወዲህ የአገሪቱ ሕግ ትምህርት ቤቶች የሚመሩት በአንድ ሥርዓተ ትምህርት ነው። ውል፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ ቤተሰብ፣ ውርስ፣ ንብረት፣ ወንጀል፣ ሁለቱ ሥነ ሥርዓቶች (የፍትሐ ብሔርና የወንጀል)፣ ማስረጃ፣ ሕገ መንግሥት፣ አስተዳደር፣ ንግድ፣ ግብር፣ ሥራ፤ በተጨማሪም የክህሎት ኮርሶቹ፣ ማለትም የቅድመ ክርክር ዝግጅት፣ የችሎት ክርክር፣ የይግባኝ ክርክር፣ ኤክስተርንሺፕ (በፍርድ ቤትና በመሳሰሉት የሚደረግ የተግባር ልምምድ) እና የመመረቂያ ጽሑፍ። በኮርስ ስም ሁለቱን ለማበላለጥ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

ልዩነት የሚመጣው መምህሩ ከያዘው ማስተማሪያ ነው። በአገሪቱ ሕግ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት፣ ከኢንተርኔትም በቀላሉ የሚወርዱት የኮርስ ማስተማሪያዎች በአብዛኛው በ2001 ዓ.ም. ገደማ በፍትሕና ሕግ ሥርዓት ምርምር ኢንስቲትዩት ድጋፍ የተዘጋጁ ናቸው። በጊዜያቸው ትልቅ ሥራ ነበሩ፤ ዛሬም የውልንና ከውል ውጭ ኃላፊነትን መሠረተ ሐሳብ ለመረዳት ይጠቅማሉ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በእነዚህ ክፍሎች አሁንም የሚሠራ ነውና። ችግሩ ሌላው ነው። ማስተማሪያዎቹ ከተዘጋጁ በኋላ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011፣ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234/2013፣ የግልግል ዳኝነት አዋጅ 1237/2013፣ አዲሱ የንግድ ሕግ አዋጅ 1243/2013 እና የገጠር መሬት አዋጅ 1324/2016 ወጥተዋል።

ይህ በተማሪው ላይ ምን ያደርጋል? በንግድ ሕግ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአሮጌው ማስተማሪያ ያጠና ተማሪ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ ሁለት አባላት ያስፈልጉታል ብሎ ይመልሳል። አዲሱ ሕግ ግን የአንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ፈቅዷል፤ ቀድሞ ያልነበረውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበርንም አስገብቷል። ተማሪው ይህን ሳያውቅ መውጫ ፈተና ላይ ቢቀመጥ ያነበበው ገጽ ብዛት አያድነውም። በአስተዳደር ሕግም እንዲሁ ነው፤ በ2001ዱ ማስተማሪያ ውስጥ «ጠቅላላ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ የለንም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከ2012 ዓ.ም. በኋላ ስሕተት ሆኗል።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ስትመዝኑ የአንድ ኮርስ፣ በተለይ የንግድ ወይም የአስተዳደር ሕግ፣ የዘንድሮ ኮርስ አውትላይን ከአንድ ተማሪ ጠይቃችሁ እዩ። የንባብ ዝርዝሩ ላይ አዋጅ 1243/2013 አለ ወይ? የሰበር ውሳኔ በመዝገብ ቁጥር ተጠቅሷል ወይ? ይህ የአምስት ደቂቃ ምርመራ ከየትኛውም የደረጃ ሰንጠረዥ የበለጠ ይናገራል። ውጤቱ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን ከመምህር መምህርም ሊለያይ ስለሚችል ሁለት ሦስት ኮርስ ማየቱ አይከፋም።

ሌላው መጠየቅ ያለበት የመምህራን ጉዳይ ነው። በስም ዝርዝር ላይ ያሉት ሁሉ ክፍል ውስጥ አይደሉም፤ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሄዱ አሉ። መምህር ሲጠፋ ኮርሱ በእንግዳ መምህር «ብሎክ» ይሆናል፣ ማለትም የአንድ ሴሚስተር ትምህርት በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ተጠቅጥቆ ይሰጣል። ለሕግ ፍልስፍና ይህ ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት በብሎክ መማር ግን ጉዳት ነው፤ ሥነ ሥርዓት በልምምድ እንጂ በጥድፊያ አይገባም። «ባለፈው ዓመት ሥነ ሥርዓትና ማስረጃ በብሎክ ነው የተሰጡት ወይስ ሙሉ ሴሚስተር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ባሕር ዳር፦ የይግባኙ ከተማ

ባሕር ዳር የክልሉ መቀመጫ ናት። የክልሉ ምክር ቤት፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና መቀመጫና የሰበር ችሎቱ፣ ፍትሕ ቢሮው፣ የክልሉ የፍትሕ አካላት ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ተቋም ሁሉም እዚያው ናቸው። ለሕግ ተማሪ ይህ ማለት በአንድ ባጃጅ መንገድ የሥር ፍርድ ሲሻርና ሲጸና ማየት፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ የይግባኝ መዝገብ መጠየቅ፣ ረቂቅ አዋጅ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎችን አግኝቶ ማነጋገር ማለት ነው። የክልሉ ሕግ በዝክረ ሕግ ጋዜጣ የሚወጣው ከዚያው ነው፤ የክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ 79/1995፣ የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009 እና የመሳሰሉት አከራካሪ ሲሆኑ የመጨረሻው የክልል ትርጉም የሚሰጠውም እዚያ ነው።

የባሕር ዳር ሁለተኛ ጥንካሬ መሬት ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱን የቻለ የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት አለው። በአማራ ክልል ወረዳ ፍርድ ቤቶች ከሚታዩት የፍትሐ ብሔር ክርክሮች ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዙት የይዞታ ጉዳዮች ናቸው፤ የኪራይ ውል፣ ስጦታ፣ ውርስ፣ የድንበር ግፊት። የመሬት ሕግን ከቀያሹና ከምዝገባው ሥርዓት ጋር አያይዞ ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ ከአንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱንም ሙያ ያገኛል። ትምህርት ቤቱ የራሱ የሕግ መጽሔትም አለው፤ ጎበዝ ተማሪ ጽሑፉን ወዴት እንደሚልክ፣ ከመምህራን መካከልም ማን ምን እንደሚጽፍ ከመጽሔቱ ማየት ይችላል። ተማሪዎች ይህን እምብዛም አይጠቀሙበትም፤ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ ለመምረጥ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ድክመቱስ? የባሕር ዳር ግቢዎች በከተማዋ የተበተኑ ናቸው፤ ፔዳ፣ ፖሊ፣ ይባብ፣ ዘንዘልማ፣ ሰላም እያለ ይቀጥላል። ፍሬሽማን የምትውሉበት ግቢና ሕግ የምትማሩበት ግቢ አንድ ላይሆን ይችላል፤ መኝታና ላይብረሪም አብረው ይቀያየራሉ። የሕግ መጻሕፍት ያሉበት ላይብረሪ ከመኝታችሁ ምን ያህል እንደሚርቅና ማታ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠይቁ። ለሕግ ተማሪ ይህ ከምግቡ ጥያቄ ያልተናነሰ ነው።

ጎንደር፦ የሥር ችሎቱ ከተማ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በጤናው ስሙ የገነነ ነው፤ መነሻው በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነውና። «ጎንደር ለሐኪም እንጂ ለሕግ አይደለም» የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ይመስላል፤ ትክክል ግን አይደለም። ሕግና ማኅበራዊ ሳይንስ የሚሰጡበት ማራኪ ግቢ ከሕክምናው ግቢ የተለየ ነው፣ የራሱ ድባብ አለው፣ ለከተማውም ቅርብ ነው።

የጎንደር ሀብት በሥር ፍርድ ቤቶቹ የሚያልፈው የጉዳይ ዓይነት ነው። ከተማዋ ወደ መተማና ወደ ሱዳን የሚወስደው መንገድ መነሻ ስለሆነች የኮንትሮባንድ፣ የድንበር ንግድና የሰዎች ዝውውር ጉዳዮች ለአካባቢው ባዳ አይደሉም። እዚህ ጋ አንድ የሕገ መንግሥት ነጥብ በተግባር ይታያል፤ በአንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና ይሠራል። ክፍል ውስጥ ሲነበብ ደረቅ የሆነው አንቀጽ ጎንደር ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቁጭ ብሎ ለሚያይ ተማሪ ሕያው ነው፤ አንዱ ዳኛ ጠዋት የክልል፣ ከሰዓት የፌዴራል ጉዳይ ሲያይ ይውላል። የስደተኞች ሕግም እንዲሁ ነው። ዳባት ወረዳ ያለው የዓለም ዋጭ መጠለያ የኤርትራ ስደተኞችን ይዟል፣ ከሱዳን ጦርነት ወዲህ ደግሞ በመተማ በኩል ብዙ ሰው ገብቷል። በስደተኞችና በሰብአዊ መብት ላይ መጻፍ የሚሻ ተማሪ ርእሱን ፍለጋ ሩቅ አይሄድም።

የሕግ ታሪክ ለሚወዱም ጎንደር የተለየች ናት። ፍትሐ ነገሥትን በትርጓሜ የሚያስተምሩ ሊቃውንት ወንበር የዘረጉባት ከተማ ናት፤ ሽምግልናና የደም ማስታረቅ ልማድ ከመደበኛው ችሎት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ማጥናት ለሚፈልግ ሰፊ መስክ አለ።

በጎንደር የሚጎድለው ከክልሉ መቀመጫ መራቁ ያስከተለው ነው። የሰበር መዝገብ፣ የረቂቅ አዋጅ ማብራሪያ፣ የክልል ቢሮ ቃለ መጠይቅ ሲያስፈልግ ባሕር ዳር መውረድ ግድ ይሆናል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትመርጡ ይህን ከግምት አስገቡ፤ ጎንደር ሆናችሁ በክልሉ ሰበር ችሎት አሠራር ላይ መጻፍ የመንገድ ወጪና የትብብር ደብዳቤ መጠበቂያ ጊዜ ይበላል።

በሁለቱም በኩል ያለው ነጻ የሕግ ድጋፍ

ሁለቱም ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የሚመጣው ባለጉዳይ በአብዛኛው ቀለብ የምትጠይቅ እናት፣ ይዞታዋን የተቀማች አረጋዊት፣ ደመወዝ የተከለከለ የቀን ሠራተኛ ነው። ሁለቱን ለማወዳደር «ማዕከል አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። መጠየቅ ያለበት ተማሪው እዚያ ምን ይሠራል ነው። ባለጉዳዩን ያነጋግራል? ማመልከቻውን እሱ ይጽፋል? ወይስ መምህሩ ሲጽፍ ፎቶ ኮፒ ያመላልሳል? ስንተኛ ዓመት ላይ ነው የሚፈቀድለት? ቦታው ውስን ከሆነ በምን ይመረጣል?

ነገሩ የሚከብደው ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ፍርድ ቤቱ በአማርኛ ስለሆነ ነው። አራት ዓመት በእንግሊዝኛ ፈተና ሲሠራ የኖረ ተማሪ ችሎት ደጃፍ ሲደርስ አንድ ገጽ የክስ ማመልከቻ መጻፍ ያቅተዋል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222 መሠረት ክሱ ምን ምን መያዝ እንዳለበት በቃሉ ያውቃል፤ የፍርድ ቤቱን ስምና ቦታ፣ የተከራካሪዎቹን ስምና አድራሻ፣ የክሱን ምክንያትና መቼና የት እንደተፈጠረ፣ የሚጠየቀውን ዳኝነት። በቁጥር 223 መሠረት የማስረጃ ዝርዝር መያያዝ እንዳለበትም ያውቃል። ይህን በአማርኛ ሲጽፍ ግን የታሪክ ትረካና የዳኝነት ጥያቄው ይደባለቁበታል፣ ይርጋ (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ማለፍ) እና የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ የት እንደሚገቡ ይጠፋዋል፣ እግድና አፈጻጸም ለየብቻ የሚጠየቁ መሆናቸውን ይዘነጋል። ውጤቱ የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ማመልከቻውን «አስተካክለህ ና» ብሎ መመለሱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ቢሆን በአማርኛው መነበብ አለበት፤ በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ሲመጣ የሚጸናው አማርኛው ነው፣ በእንግሊዝኛው ብቻ ያጠና ጠበቃ ልዩነቱን የሚያየው ተሸንፎ ነው።

ስለዚህ በቅድመ ክርክር ኮርስ የክስ ማመልከቻ፣ የመከላከያ መልስ፣ የይግባኝ ማመልከቻና የአፈጻጸም ጥያቄ በአማርኛ አጽፎ በቀይ እስክሪብቶ የሚያርም መምህር ያለበት ትምህርት ቤት፣ ከሁለቱ የትኛውም ይሁን፣ ተመራጭ ነው። ይህን በቀጥታ ጠይቁ፤ አምስተኛ ዓመት ተማሪ «አዎ፣ አራት ጽፌያለሁ» ወይም «አይ፣ በእንግሊዝኛ ነበር» ብሎ በአንድ ቃል ይመልስላችኋል።

ኤክስተርንሺፕ መቼ ነው?

ይህ ቀላል የሚመስል ትልቅ ጥያቄ ነው። ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ ጀምሮ ለክረምት ዕረፍት ይዘጋሉ፤ አስቸኳይ ጉዳይ የሚያዩ ተረኛ ችሎቶች ብቻ ይቀራሉ። የትምህርት ካሌንደር ተዛብቶ ኤክስተርንሺፑ ክረምት ላይ ከወደቀ ተማሪው የሚያየው የዋስትናና የጊዜ ቀጠሮ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ምስክር ሲሰማ፣ ጭብጥ ሲያዝ ሳያይ ሪፖርት ይጽፋል። ትምህርት ቤቱ ልምምዱን የሚያስቀምጠው ከጥቅምት እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ። ወደ ትውልድ ከተማ ሄዶ መለማመድ የሚፈቀድ ከሆነ ደግሞ የባሕር ዳርና የጎንደር ልዩነት በዚያ ጊዜ ይጠባል። በተግባር መዝገብ ቤት ላይ መጀመር ጥሩ ነው፤ አንድ መዝገብ ከተከፈተበት እስከ ውሳኔው ገልጦ ማንበብ ችሎት ቁጭ ብሎ ከመዋል ይበልጣል። በችሎት ያለው ቀጠሮ የአሥር ደቂቃ ሲሆን መዝገቡ ውስጥ ግን የሁለት ዓመት ክርክር አለ።

ስለ ምስለ ችሎት፣ ተማሪዎቹ እንደሚሉት ሙት ኮርት፣ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በአገር ውስጥ የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የሚያዘጋጀው የሰብአዊነት ሕግ ውድድር አለ፣ በአህጉር ደረጃ የአፍሪካ ሰብአዊ መብት ውድድር አለ። ተወካዮች በግልጽ ማጣሪያ ይመረጣሉ ወይስ በመምህር ጥቆማ? ጥያቄው ይኸው ነው።

የመውጫ ፈተናው

ሕግ የመውጫ ፈተናን ከሌሎች ሙያዎች ቀድሞ የጀመረ ክፍል ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ለሁሉም የግድ ሆኗል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ያላለፈ ኮርሱን ቢጨርስም ዲግሪ አይሰጠውም፣ ደግሞ መፈተን ይችላል። ትምህርት ቤቶች «ይህን ያህል ተማሪ አሳለፍን» ሲሉ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ስንት ተቀመጡ፣ ከእነዚያ ስንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተኑ ናቸው፣ ቁጥሩ የቀን ተማሪዎችን ብቻ ነው ወይስ የማታና የቅዳሜ እሑዱንም ይጨምራል? ደጋሚዎችና የማታ ተማሪዎች ሲቀላቀሉ አኃዙ ወደላይም ወደታችም ይዛባል፤ የሁለት ትምህርት ቤቶችን ቁጥር ማወዳደር የሚቻለው ዓይነቱ አንድ ሲሆን ብቻ ነው።

ኑሮና መንገድ

በወጪ በኩል ልዩነት የለም። በሁለቱም የወጪ መጋራት ውል ትፈርማላችሁ፤ የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ፣ የምግብና የመኝታውን ሙሉ ተቆጥሮ ከምረቃ በኋላ የሚከፈል ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፣ ወባ አለ፣ አጎበር ያስፈልጋል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ አንድ ብርድ ልብስ አይበቃም። ሁለቱም አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ሁለቱንም ይነካል። መንገድ በድንገት ይዘጋል፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ያውቃል። ከአዲስ አበባ ወይም ከደቡብ የሚመጣ ተማሪ የአውሮፕላን ትኬት ዋጋን ከበጀቱ ውስጥ ያስገባ፤ ጎንደር ለመድረስ በመኪና ከባሕር ዳር በላይ ሌላ 180 ኪሎ ሜትር መጓዝ ስላለበት በዚህ ረገድ ባሕር ዳር ይቀላል። ካሌንደሩንም ጠይቁ፤ «አሁን ሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪዎች ስንተኛ ሴሚስተር ላይ ናቸው?» የሚለው ጥያቄ አምስቱ ዓመት በተግባር ስንት እንደሚሆን ያሳያል።

ሁለቱንም ያለመምረጥ

በአፋን ኦሮሞ በሚሠሩ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ዳኛ ወይም ጠበቃ የመሆን ሐሳብ ላለው ተማሪ ሁለቱም ትክክለኛ ቦታ አይደሉም፤ ጅማ ወይም ሐሮማያ ልምምዱን በሚሠራበት ቋንቋ ያገኛል። ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ግልግል ዳኝነትና የኩባንያ ሥራ ላይ ያተኮረ ደግሞ አዲስ አበባን ያስቀድም፤ ዋና መሥሪያ ቤቶቹ ያሉት እዚያ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤት የሚሠራው በአማርኛ ስለሆነ ከባሕር ዳርም ሆነ ከጎንደር ተመርቆ አዲስ አበባ ለመሥራት የቋንቋ ችግር የለም። ቤተሰቡ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር የሚኖር ተማሪ ደግሞ እስከ አሁን የተባለውን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ የራሱን ከተማ ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ከቤት ውሎ መግባት የሚያተርፈው ገንዘብና የጥናት ሰላም ከልዩነቱ ይበልጣል።

ፎርሙን ስትሞሉ ሁለቱን ተከታታይ አድርጋችሁ አንደኛና ሁለተኛ አስቀምጡ፤ በመካከላቸው ሌላ ዩኒቨርሲቲ የምታስገቡበት ምክንያት የለም። ጥሪ ሲመጣ የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕት ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ከእነዚህ ጋር አንድ ፍላሽ አዘጋጁ። ሕገ መንግሥቱን፣ የፍትሐ ብሔርና የወንጀል ሕጎቹን በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ሁለቱን ሥነ ሥርዓቶች፣ ከላይ የተጠቀሱትን አዋጆች፣ የክልሉን የቤተሰብና የመሬት አዋጆች እንዲሁም የፌዴራል ሰበር ውሳኔዎችን ቅጾች ጫኑበት። ቅጾቹ ከ20 በላይ ስለሆኑና ፋይሎቹም ከባድ ስለሆኑ ከመሄዳችሁ በፊት ኢንተርኔት ባለበት አውርዷቸው፤ አንድ ቅጂም በስልካችሁ ላይ ይቀመጥ።